የሳንባ ካንሰር፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሥርጭቱ መንገድ ለምን ይመረመራል?

የሳንባ ካንሰር በጊዜ ሲደረስበት ዋነኛው ሕክምና ዕጢውን ከያዘው የሳንባ ክፍል ጋር በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምናው ተሳካ ማለት በሽታው አይመለስም ማለት አይደለም። የታካሚውን ቀጣይ ሁኔታ በእጅጉ የሚወስነው ዕጢው ከመውጣቱ በፊት ወዴትና በምን መንገድ ተሰራጭቶ እንደነበር ነው። ይህም የሚታወቀው የወጣው አካል በፓቶሎጂ ባለሙያ በአጉሊ መነጽር ሲመረመር ነው።

በንፍፊቶች በኩል የሚደረግ ሥርጭት

የካንሰር ሕዋሳት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚደርሱት በሳንባው ውስጥና በሥሩ ወደሚገኙት ንፍፊቶች ነው። ቀጥሎም በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ወዳሉት ይሻገራሉ። ዓለም አቀፉ የሳንባ ካንሰር ጥናት ማኅበር ለ8ኛው የደረጃ አመዳደብ በሰበሰበው መረጃ መሠረት፣ ንፍፊታቸው ካልተነካ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች መካከል ከ100ው 75ቱ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። የሳንባው የራሱ ንፍፊቶች ብቻ ሲነኩ ቁጥሩ ወደ 49፣ በዚያው ጎን በሳንባዎቹ መካከል ያሉት ሲነኩ ደግሞ ወደ 36 ዝቅ ብሏል።

የተነኩት ቦታዎች ብዛትም ለውጥ ያመጣል። በ2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሥራ ላይ መዋል የጀመረው 9ኛው አመዳደብ፣ በሳንባዎቹ መካከል በአንድ ቦታ ብቻ የተገኘን ሥርጭት በብዙ ቦታዎች ከተገኘው የለየው በዚህ ምክንያት ነው። ቀዶ ሐኪሞች ከተለያዩ ቦታዎች ንፍፊቶችን አውጥተው ለምርመራ የሚልኩትም ለዚሁ ነው፤ ያልተመረመረ ንፍፊት ከካንሰር ነጻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

በሳንባው ውስጥ የሚደረግ ሥርጭት

ዕጢው የሳንባውን ሽፋን ከነካ ወይም ወደ ደም ሥሮች ከገባ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 በአመዳደቡ ያካተተው ሌላ መንገድም አለ፤ ሕዋሳቱ ከዕጢው ዳርቻ አልፈው በአየር ከረጢቶች ውስጥ ይበተናሉ። ይህ በተለይ የሚያሳስበው ሙሉው የሳንባ ክፍል ሳይሆን ጥቂቱ ብቻ ተቆርጦ ሲወጣ ነው።

ውጤቱ ምን ይለውጣል?

ውጤቱ ኬሞቴራፒ ወይም ሌላ ተጨማሪ መድኃኒት እንደሚያስፈልግና ክትትሉ ምን ያህል የቀረበ መሆን እንዳለበት ለመወሰን ይረዳል። ስለዚህ ታካሚውና ቤተሰቡ ሐኪሙን ሦስት ነገሮች ቢጠይቁ ይጠቅማል፦ ስንት ንፍፊት ተመረመረ? ካንሰር የተገኘውስ በስንቱና የት ነው? የተቆረጠው ጠርዝ ከካንሰር ነጻ ነው ወይ? የፓቶሎጂውን ውጤት ቅጂ መያዝም ሕክምናው ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲዛወር ጊዜ ይቆጥባል።

ቁጥሮቹ የብዙ ሰዎች አማካይ እንጂ የአንድን ሰው ዕድሜ የሚወስኑ አይደሉም። ዕድሜ፣ ተጓዳኝ ሕመምና ሲጋራ ማቆምም ድርሻ አላቸው።

በሽታው ሳይሰራጭ ለመድረስ ምልክቶቹን ችላ አለማለት ያስፈልጋል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታና ያለምክንያት ክብደት መቀነስ የሳንባ ነቀርሳም የካንሰርም ምልክቶች ናቸው። በምርመራ ነቀርሳ ካልተገኘ፣ ወይም የነቀርሳ መድኃኒት ተወስዶ ለውጥ ካልታየ፣ ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።