የባሌስትራ ዕድሜ፤ ከጥንቱ ቀስት እስከ ዛሬው መኪና



በጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለን እጅግ ብዙ የመለዋወጫ መጠየቂያ ወረቀት በእጃችን አልፏል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ «ባሌስትራ ተሰብሯልና ይታዘዝ» የሚለውን ያህል የጻፍነው የለም። ቃሉ የጣሊያን መሆኑን እናውቅ ነበር። በአገሩ የጦር መሣሪያም ስም መሆኑን የተረዳነው ግን ጡረታ ከወጣን በኋላ፣ ለማንበብ ጊዜ ስናገኝ ነው። ነገሩ ከመኪና ጋር ለሚውሉ ወንድሞቻችንና ልጆቻችን ይጠቅማል ብለን ስላመንን በዚህ መጽሔት ልናካፍላችሁ ወደድን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባሌስትራ በጣሊያንኛ ባለሰደፍ ቀስት ማለት ነው። ይኸውም እንደ ጠመንጃ ሰደፍ ባለ እንጨት ጫፍ ላይ ደጋን በአግድም ይታሰራል። አውታሩ ወደ ኋላ ይሳብና በማቆሚያ ይያዛል፤ ቃታው ሲነካ ፍላጻው ይወረወራል። ደጋን ስንል እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበትን አስታውሱ፤ ሲጎትቱት ይጎብጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የመኪናውም ብረት ጭነት ሲያርፍበት ጎብጦ ሲነሣለት የሚመለስ ስለሆነ የቀስቱን ስም ወረሰ።

ይህ መሣሪያ በጊዜው በጣም የተፈራ ነበር። በ1139 ዓ.ም. በሮም ላተራን የተሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በክርስቲያን ላይ እንዳይተኮስበት ከለከለ። ታዲያ ማን ሰማ! በ1199 ዓ.ም. አንበሳ ልብ የተባለው የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ በፈረንሳይ አገር ሻሉ በተባለ ቦታ በዚሁ ቀስት ቆስሎ ሞተ።

የመሣሪያው ኃይል ያለው በደጋኑ ነው፤ ቶሎ የሚጎዳውም እሱው ነው። ደጋኑ በየዘመኑ በሦስት ዓይነት ተሠርቷል።

አንደኛው እንጨት ነው። እንጨት ሁልጊዜ ተወጥሮ ከተተወ መጉበጡን ይለምድና ጉልበቱን ያጣል። አፈር ውስጥ ከገባ ደግሞ ይበሰብሳል። በ1974 ዓ.ም. በቻይና አገር ሺያን ከተማ አጠገብ ገበሬዎች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የሸክላ ወታደሮች አገኙ። ወታደሮቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ210 ዓመት የሞተው የንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ መቃብር ጠባቂዎች ናቸው። ከነሐስ የተሠራው የቀስቶቻቸው ቃታ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም ደኅና ሆኖ ተገኘ። የእንጨቱ ደጋን ግን አፈር ሆኖ አሻራው ብቻ ቀረ።

ሁለተኛው ከቀንድና ከጅማት የሚጣበቅ ነው። ቀንዱ በተኳሹ በኩል ሆኖ መጨመቁን ይችላል፤ ጅማቱ በፊት ለፊት ሆኖ መሳቡን ይችላል። አንዱ የማይችለውን ሌላው ይሸከማል ማለት ነው። የዚህ ጠላት እርጥበት ነው፤ ሙጫው ከቆዳና ከዓሣ የተቀቀለ ስለሆነ ውኃ ከገባው ይላቀቃል። ስለዚህ ሠሪዎቹ በዛፍ ልጥ ወይም በብራና ይሸፍኑት ነበር። በ1460 ዓ.ም. ለጀርመኑ መስፍን ለኡልሪክ የተሠራው እንዲህ ያለ ቀስት፣ ይኸው ከ560 ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይታያል።

ሦስተኛው አረብ ብረት ነው፤ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ተስፋፋ። ከዝገት በቀር እርጥበት ብዙም አይጎዳውም። ክፋቱ ግን ሳያስጠነቅቅ መሰበሩ ነው። በጊዜው ብረት ሲቀልጥና ሲቀጠቀጥ ቆሻሻ በውስጡ ይቀር ስለነበር፣ ስንጥቁ ከዚያ ይነሣና ቀስቱ በተወጠረ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። በብርድ ጊዜማ ይብስበታል። ብረቱ በተኳሹ ፊት ሲፈነዳ ምን እንደሚያደርስ መገመት አያቅትም። የብርድ አገር አዳኞች ብረት ከመጣም በኋላ የቀንዱን ደጋን ያልተዉት ለዚህ ነው።

ይሁንና በደንብ የተሠራና በደንብ የተያዘ ብረት ይቆያል። ራልፍ ፔይን ጋልዌይ የሚባል እንግሊዛዊ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ባለ ብረት ደጋን ቀስት ወጥሮ፣ በዌልስ አገር ሜናይ የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ አሻግሮ ተኮሰበት። ፍላጻው ከ400 ሜትር በላይ ሄደ። ይህንኑ በ1903 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል።

እንግዲህ አንዱ አምስት መቶ ዓመት ሲኖር ሌላው በአጭር የሚቀጨው ለምንድን ነው? ዕድሜው የሚቆጠረው በዓመት ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜና ምን ያህል ጎበጠ በሚለውም ጭምር ነው እንጂ። ከልክ በላይ የተሳበ፣ ሥራ ሳይኖረው ተወጥሮ ያደረ፣ ያለ ፍላጻ በባዶው የተተኮሰ ደጋን ቶሎ ያልቃል። ባዶ መተኮስ የሚጎዳው፣ ፍላጻው ይዞት ይሄድ የነበረው ኃይል ተመልሶ በደጋኑና በአውታሩ ላይ ስለሚያርፍ ነው።

የመኪናውም ባሌስትራ ከዚህ ሕግ አይወጣም። ሾፌር የሆናችሁ አባሎቻችን፣ ከልኩ በላይ የተጫነ ባሌስትራ ዛሬ ቻለ ማለት ነገም ይችላል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ስንጥቅ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ጭቃ ከሸፈነው አይታይም። ስለዚህ ከጉዞ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ጭቃውንም ጥረጉት። አባቶቻችን ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉት እኮ ለዚህ ለዚህ ነው።

እኛ በመዝገብ ላይ «ተሰብሯል» ብለን ስንጽፍ የብረት ነገር ብቻ ይመስለን ነበር። ከዚያ ብረት በላይ የተቀመጠ ሰው መኖሩን ልብ ያልነው ዘግይተን ነው። የእድራችን ድንኳን መተከሉ የማይቀር ቢሆንም፣ ጎንበስ ብሎ በማየት ሊድን ለሚችል ሰው እንዳይተከል እንመኛለን። በደኅና ወጥታችሁ በደኅና ግቡ።