ጥቁሩ ጠላ፦ ከአክሱም እስከ ቂሊንጦ

በእንግሊዝ የከሰል ማውጫና የብረት ፋብሪካ አካባቢዎች ሠራተኛው ለረጅም ዘመን የጠጣው «ማይልድ» የሚባል ጥቁር ቢራ ነበር። አልኮሉ ከ3 በመቶ ብዙም አይበልጥ፤ ሠራተኛው ጠግቦ ጠጥቶም በማግስቱ ፈረቃው አይቀርበትም። ኋላ ቀላ ያለው የላገር ቢራ ሲመጣ ማይልድ ከመጠጥ ቤቱ ጥግ ተገፋ። በእኛ አገር የዚህ መጠጥ ወንድም ጠላ ነው። ትክክለኛ ሰፈሩ የት ነው ብባል የምጠቁመው ጎንደርን ወይም ጎጃምን ሳይሆን ፋብሪካ የሞላበትን አቃቂ ቃሊቲን ነው።

ታሪኩ ግን ከፋብሪካ በብዙ ይቀድማል። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ድል ያደረጋቸውን የቤጃ ሰዎች ከአገራቸው አንሥቶ ሲያሰፍር ከዳቦው ጋር ቢራ፣ ወይንና ውኃ እንደቀረበላቸው ይናገራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ የጤፍ ቂጣ በእሳት ጠብሰው፣ ሰባብረው፣ በእንስራ ውኃ ዘፍዝፈው ስለሚያወጡት መጠጥ ጽፏል። ልብ በሉ፤ ቂጣው መጠበስ አለበት። በየግብሩ አዳራሽ ጠጅ የመኳንንቱ ሲሆን ጠላ ለብዙኃኑ ይቀዳ ነበር። ለዚህም ይመስለኛል ስለ ጠጅ ብዙ ሲባል ስለ ጠላ ጥቂት የተባለው።

ጥቁረቱ የሚመጣው ከእሳት ነው። መጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ይጠነሰስና ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ብቅሉና ተቆራርሶ የሚገባው ቂጣ ይከተላል። ገብሱ ወይም በቆሎው ለብቻው ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል። አሻሮው ተፈጭቶ፣ በውኃ ተለውሶ፣ ምጣድ ላይ እየታመሰ ሲበስል እንኩሮ ይባላል። ሁሉም ተደባልቆ ድፍድፍ ሲሆን ጋኑ ይከደናል፤ ሲደርስም በውኃ ይበጠበጥና ይጠለላል። ጠማቂዋ የምትለካበት ሚዛን የላትም። አሻሮው ቡና እስኪመስል ካልተቆላ ጠላው ገርጥቶ ይቀራል፤ ካለፈ ደግሞ ምላስ ላይ ከሰል ይተዋል። በዚህ መሐል ያለችው ጠባብ ቦታ ናት ሙያዋ፤ «እጇ ይጣፍጣል» የምትባለውም እሷን የምታውቅ ሴት ናት። ተራው ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ሲኖረው፣ ፊልተር የሚሉት ጠንከር ያለው 5 እና 6 ይደርሳል። ያልተጠለለው ጉሽ የራሱ ወዳጆች አሉት። ድፍድፉ እንደገና በውኃ ተበጥብጦ የሚወጣው ቅራሪ ደግሞ ለልጅም ይሰጣል፤ እኔ ግን ቅራሪን ከጠላ ቤተሰብ ያስገባሁት በይሉኝታ ነው።

አቃቂ ውስጥ ይህ ሙያ ባዕድ አልነበረም። በዙሪያው ያለው የኦሮሞ ገበሬ ፈርሶ የሚለውን የራሱን ጠላ ይጠምቅ ነበርና። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ አቃቂ በመንገዱ ላይ ጣቢያ ሆነች። ቀጥሎም የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፣ የቃሊቲ ብረታ ብረት፣ በደርግ ዘመንም የመለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካው መጡ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሠራተኛ በየግቢው ተከራየ፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡት ሴቶችም ጋናቸውን ተከሉ። በር ላይ በእንጨት ጫፍ ተደፍቶ የሚታይ ጣሳ ካለ ጠላ አለ ማለት ነው። ከፈረቃ የወጣ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሴትዮዋ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ የምታቀርብለትን ይጠጣል። ሒሳቡ ለደመወዝ ቀን ሊቆይ ይችላል።

የፋብሪካው ቢራ በሌላ በር ገባ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም ተመሠረተ፤ ሜታ፣ ሐረር፣ በደሌና ዳሽን ተከተሉ። ሄኒከን በ2003 ዓ.ም በደሌንና ሐረርን ከመንግሥት ገዛ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቂሊንጦ ላይ፣ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ግዙፍ ፋብሪካ ተክሎ ዋልያን አወጣ። ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ግን ከሞላ ጎደል ወርቃማ ላገር ነው። ጥቁር የሞከሩት ጥቂት ናቸው፤ የሐረሩ ሐኪም ስታውትና ቦሌ ያለው ጋርደን ብራው እዚያው የሚጠምቀው ኤቦኒ ይጠቀሳሉ። ሐኪም ጥሩ ነው፣ ግን ይከብዳል፤ ሁለተኛውን ለመጨረስ ምክንያት ያስፈልጋል። ለስላሳ ሆኖ ጥቁር የሆነውን ለሚፈልግ ሰው፣ ከቂሊንጦው ፋብሪካ ግንብ ወጣ ብሎ ጣሳ የተሰቀለበትን በር መፈለግ ይሻላል።

ይህ ዓይነቱ የጠላ ቤትም እየጠፋ ነው። በቂሊንጦና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጋን ማጠን አይቻልም፤ አሻሮ የሚቆላም ጎረቤቱን አስቀይሞ ነው። ብዙ ጠማቂዎች ወደ ፕላስቲክ በርሜል ዞረዋል። በርሜል አይሰበርም፣ ለማጠብም ይቀላል፤ አልፈርድባቸውም። የወይራውን ጭስ ግን አይዝም፤ ጠላው ጥቁር እንደሆነ ቢቀር እንኳ ሽታው ግማሹ ጠፍቷል። ጋን ያላት ጠማቂ ካገኛችሁ ቀድማችሁ እዘዙ፤ ማኅበርና ሰንበቴ ያለባቸው ቤቶች ወረፋውን ይይዙታል። ከጋኑ ሥር የሚቀረውን አተላ የወተት ላም ያላቸው ሰዎች መጥተው ይገዛሉ፤ የቢራ ፋብሪካውንም ተረፈ ምርት የሚገዙት ላም አርቢዎች ናቸው።