በአንድ ማዕድ መቀመጥ፤ ስለ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት አጭር ታሪክ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አርሲ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ ቆላውን ከኋላው ትቶ ሁሩታ ሲደርስ የስንዴና የገብስ አገር ይቀበለዋል። ይህች የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ከተማ ከታላላቅ የታሪክ መድረኮች የራቀች ትመስላለች፤ ይሁን እንጂ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር ተባብሮ መሥራት ምን እንደሆነ የአካባቢው ሕዝብ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከማሳው ተምሮታል። በ1967 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመውና ሕዝቡ በአጭሩ «ካዱ» ይለው የነበረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ያደረሰው በዚሁ በአርሲ ምድር ነበር። ወደ ቆላው፣ ወደ ቀድሞዋ ናዝሬት ሲወረድ ደግሞ ከጣልያን ወረራ በኋላ ከሰሜን አሜሪካ የመጡ ሜኖናይቶች ሆስፒታል አቋቁመው፣ በኋላም በ1959 የመጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ ከፍተው ይሠሩ እንደነበር ይታወቃል።

እንዲህ ያለው የባዕድና የባላገር ትብብር በእርሻና በሕክምና ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በእምነት ቤቶችም መካከል ኅብረት ነበረ፤ አለም። ስለዚህ በ2013 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጠቅላላ ጉባኤ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ካለችው ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበረውን ግንኙነት ለማቋረጥ የተላለፈውን ውሳኔ ባጸደቀ ጊዜ፣ ጉዳዩ የነገረ መለኮት ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት አልነበረም። ለመሆኑ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ከሌላይቱ ጋር ያላትን ኅብረት የምታቋርጠው በማን ሥልጣን ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ከሌሎች ይልቅ ደጋግመው የተጋፈጡት ባፕቲስቶች ስለሆኑ፣ ታሪካቸውን በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። ጆን ስሚዝና ቶማስ ሄልዊስ የተባሉ እንግሊዛውያን ከአገራቸው ተሰደው በ1609 አምስተርዳም ላይ የመጀመሪያውን ጉባኤ አቆሙ። እዚያም የተጠጉት ከሆላንድ ሜኖናይቶች ዘንድ ነበር፤ ይኸውም ከብዙ ዘመን በኋላ ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ያቋቋሙት ሰዎች የእምነት ዘመዶች መሆናቸው ነው። ሄልዊስ ወደ ለንደን ተመልሶ ንጉሥ በሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን እንደሌለው በመጽሐፍ ስለ ገለጠ ታስሮ ሞተ። ከዚህ ሥር የበቀለው ትምህርት የየጉባኤው ነጻነት ነው። በባፕቲስቶች ዘንድ ጳጳስ የለም፤ ሲኖዶስም አይገዛም። እያንዳንዱ ጉባኤ መጋቢውን ራሱ ይመርጣል፣ አባሉን ራሱ ይቀበላል፤ ከሌሎች ጋር የሚተባበረውም በፈቃዱ ነው።

ነገር ግን በፈቃድ የታሰረ በፈቃድ ይፈታል። በ1845 የአሜሪካ ባፕቲስቶች ባሪያ ያለው ሰው ሚሲዮናዊ ሆኖ ይላክ ወይስ አይላክ በሚለው ክርክር ለሁለት ተከፈሉ። የደቡቦቹ ማኅበር ለዚህ ጥፋት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ከ150 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ነው።

ይህ ይቅርታ ከመጠየቁ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1992 ሁለት የሰሜን ካሮላይና ጉባኤዎች ሌላ ክርክር አስነሡ። በራሌ ከተማ የሚገኘው የፑለን መታሰቢያ ጉባኤ የሁለት ወንዶችን ቃል ኪዳን ለመባረክ ወሰነ፤ በቻፕል ሂል የሚገኘው የቢንክሊ መታሰቢያ ጉባኤ ደግሞ ተመሳሳይ ፆታ ለሚያፈቅር የነገረ መለኮት ተማሪ የሰባኪነት ፈቃድ ሰጠ። ሁለቱም በየራሳቸው ምእመናን ድምፅ የወሰኑ ነበሩ። የደቡብ ባፕቲስቶች ማኅበር በዚያው ዓመት ሁለቱንም ከኅብረቱ አስወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት መተዳደሪያውን አሻሽሎ ይህን የመሰለ ድርጊት የሚደግፍ ጉባኤ አባል እንዳይሆን ደነገገ። የየጉባኤውን ነጻነት መሠረት ያደረገ ማኅበር በነጻነት የተሰጠን ውሳኔ መቅጣቱ ብዙዎችን አስገረመ። የማኅበሩ ሰዎች ግን ጉባኤው እንደፈቀደ የመወሰን መብት ቢኖረውም ማኅበሩም ከማን ጋር እንደሚተባበር የመምረጥ መብት አለው ሲሉ መለሱ። ክርክሩን ከባድ ያደረገው ሁለቱም ወገኖች ከአንድ ምንጭ መቅዳታቸው ነው።

በ1993 የሰሜኖቹ፣ ማለትም የአሜሪካ ባፕቲስቶች፣ በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ ከተማ በተሰበሰቡበት ወቅት ተቀባይና ደጋፊ ባፕቲስቶች የተባለ ማኅበር ተመሠረተ። ወደዚህ ማኅበር መግባት የሚሻ ጉባኤ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎችን፣ እንደዚሁም የተወለዱበት ፆታ ከውስጥ ስሜታቸው የማይስማማላቸውን፣ ያለ ልዩነት በአባልነትና በአገልግሎት እንደሚቀበል ራሱ ተወያይቶ በይፋ ይገልጣል። ከላይ የሚያዝዘው የለም። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ በ1996 አራት የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ጉባኤዎች በዚሁ ምክንያት ከምዕራቡ ክፍለ አገር ማኅበራቸው ተባረሩ። በ2006 ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፣ አንድ የደቡብ ካሊፎርኒያ ክፍል ብሔራዊው አካል እነዚህን ጉባኤዎች አላስወጣም ብሎ ራሱ ወጣ። በጥቂት ጉባኤዎች የተጀመረው ማኅበር ከጊዜ በኋላ ከመቶ በላይ ጉባኤዎችን ሊያቅፍ በቃ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። መካነ ኢየሱስ በ1959 እንደ ብሔራዊ ቤተ ክርስቲያን ስትቋቋም ከስዊድን ሚሲዮን ጋር የነበራት ትስስር እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የሚወርድ ነበር። ሆኖም ዝም ብላ የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን አልነበረችም። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት በ1972 ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ረድኤት ሰጪዎች ሥጋን ከነፍስ፣ ልማትን ከወንጌል ለይተው ለአንዱ ብቻ ገንዘብ መመደባቸውን አጥብቃ ነቅፋለች። እንግዲህ የስዊድን ቤተ ክርስቲያንም የአሜሪካዪቱም በ2009 ያደረጉትን ውሳኔ፣ ማለትም የመጀመሪያይቱ ጋብቻውን፣ ሁለተኛይቱ በእንዲህ ያለ ቃል ኪዳን የሚኖሩ ካህናትን መፍቀዳቸውን፣ መካነ ኢየሱስ ስትቃወም ከ1972 የጀመረውን የራስ ድምፅ ልማድ ተከትላለች ማለት ይቻላል። ከውጭ በሚመጣ እርዳታ ምክንያት ዝም አለማለቷ በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ እንደ ክብር ተቆጥሮላታል።

ይሁን እንጂ ውሳኔው ከሥራ ትብብር አልፎ እስከ ቅዱስ ቁርባን ደረሰ፤ አባሎቿ ከእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቆርቡ ተወሰነ። ሦስቱም ግን የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አባል እንደሆኑ ቀሩ። በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር እያሉ ማዕድ መለየት ማለት ይህ ነው።

የናዝሬት ታሪክ በዚህ ረገድ የሚያስተምረው አለ። በ1960ዎቹ በከተማዪቱ የሰማይ ብርሃን የተባለው የወጣቶች መነቃቃት ሲነሣ፣ ለጸሎታቸው ሁኔታ ያልተስማሙ ብዙዎች ነበሩ። በ1967 የሙሉ ወንጌል አማኞች የምዝገባ ጥያቄ ውድቅ ሲሆንና ስደቱ ሲበረታ፣ ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ተጠለሉ፤ የሰማይ ብርሃን ልጆችም ከመሠረተ ክርስቶስ ጋር ተዋሐዱ። የተቀበሏቸው ሰዎች በአምልኮ ሥርዓት ሁሉ ከእነርሱ ጋር ተስማምተው አልነበረም። በ1982 መሠረተ ክርስቶስ ራሷ በደርግ ተዘግታ መሪዎቿ ሲታሰሩ፣ ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተሰበሰቡ፤ ስትዘጋ አምስት ሺህ ያህል የነበሩት በ1991 በሯ ሲከፈት ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ዛሬም ይህች ቤተ ክርስቲያን ከሆላንድ ሜኖናይቶች ጋር በአንድ የዓለም ጉባኤ ውስጥ ትገኛለች፤ እነዚያ ተመሳሳይ ፆታ ወዳዶችን የተቀበሉ ሲሆኑ እርሷ ግን አትቀበልም።

እዚህ ላይ ስለማይታዩት ሰዎች አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በ1957 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ በ2004 በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት ከተመሳሳይ ፆታ ጋር የሚፈጸም ድርጊት በእስራት ያስቀጣል። በራሌና በቻፕል ሂል ክርክሩ ሲደረግ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች በጉባኤው መካከል ተቀምጠው ስለ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። በእኛ አገር ግን፣ በትልቁም ከተማ ሆነ እንደ ሁሩታ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ስለ ራሱ ቆሞ የሚመሰክር ሰው የሚጠብቀው የወንድሞች ክርክር ብቻ ሳይሆን ወህኒ ጭምር ነው። ስለዚህ ስለ እርሱ ሲወሰን እርሱ ዝም ብሎ በምእመናኑ መካከል ተቀምጦ ይሰማል። ከላይ ላነሣነው ጥያቄ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው ለሚለው፣ ታሪክ የሚሰጠው መልስ ይህን ይመስላል። ከአሜሪካ ማኅበራቸው የተባረሩት ጉባኤዎች ሌላ ማኅበር አገኙ፤ በዝምታ የተቀመጠው ሰው ግን የሚሄድበት ሌላ ማዕድ የለውም።

እኛም የአንድ ማኅበር አባላት ነንና ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ማንኛውም ማኅበር ማንን እንደሚቀበልና ማንን እንደሚያሰናብት የመወሰን መብት አለው። የባፕቲስቶቹ ታሪክ የሚያሳስበን ግን ይህ መብት በ1845 እንዴት እንደ ተሠራበትና ለመጸጸት ስንት ዘመን እንደ ፈጀ ነው። የናዝሬት ሰዎች ያልተስማሟቸውን ወጣቶች ሲያስጠልሉ ክርክሩን አልዘጉም፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ በሩን ከፍተው አቆዩ እንጂ። ስለ ኅብረት የሚወስን ሁሉ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት፣ የሚወሰንበት ሰው በመካከላችን ተቀምጦ ይሆን ብሎ ዘወር ቢል መልካም ይመስለናል።