ጃንጥላ፦ ከገበያ እስከ ሰማይ

ጃንጥላ በአማርኛ ሦስት ነገር ነው፤ ዝናብ መከላከያው፣ በታቦት ላይ የሚዘረጋው ባለ ዘርፍ፣ ከአውሮፕላን የሚወረድበትም። የፊተኞቹ ሁለቱ መርካቶ ይሸጣሉ፤ ነጋዴው ባለ ከፋዩን ዘርግቶ ዘርፉን እያርገበገበ፣ ዘንጉን እያንኳኳ ያሳያል። ሦስተኛው የባሕር ማዶ ዕቃ ነው።

ጣሊያን የአገሬውን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ ሳያዛውር፣ ግብይቱ ገና አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ሳለ፣ የትሪኒዳድ ተወላጁ ሁበርት ጁሊያን ከሃርለም መጥቶ በ1930 እ.ኤ.አ. በኃይለ ሥላሴ ፊት በጃንጥላ ዘለለ። ኮሎኔልነትና ዜግነት አገኘ። ደስታው ግን አልቆየም፤ ለኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዝግጅት ሲደረግ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ከሰከሰና ከአገር ተሰናበተ።

ኋላ ዝላዩ የአየር ወለድ ወታደር ሙያ ሆነ። ለመዝናናት የሚዘል ጀማሪ ዛሬ ዱባይን ወይም የኬንያዋን ዲያኒን ያስባል፤ እዚያ ከአሠልጣኝ ጋር በቀበቶ ታስሮ ከ3,000 ሜትር በላይ ይዘላል። ሁለቱም የባሕር ጠረፍ ናቸው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ያው ጃንጥላ እዚህ ፈጥኖ ይወርዳል፣ እግርም መሬትን በኃይል ይመታል።