የአንድ ዙር ፖሊሽ፡- መኪናን የሚያሳምረውና የሚያበላሸው

ከአባቴ በወረስኩት ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ ኮፈን ጫፍ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ነጭ ምልክት አለች፡፡ የግጭት ምልክት አይደለችም፤ ድንጋይም አልነካትም፡፡ የእህቴ ሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው መኪናዋ ከአጃቢዎቹ ጋር ስለምትሰለፍ ‹‹ትንሽ ታብረቅርቅ›› ብዬ ወደ አንድ ላቫጆ ወሰድኳት፡፡ እዚያ የነበረው ልጅ ብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ጸጉራም ክብ ጨርቅ አስሮ፣ ወፍራም ኮምፓውንድ ቀብቶ ኮፈኑን ይፈጨው ጀመር፡፡ እኔም አጠገቡ ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ ‹‹ጎበዝ! በርታ!›› እለው ነበር፡፡ በመጨረሻ ውኃ ሲደፋበት ግን ጫፉ ላይ የነበረው ቀለም ተበልቶ ሥሩ ወጥቶ አየን፡፡

ልጁን ልቆጣው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፡፡ እሱ የሚሠራውን ማንም አላስተማረውም፤ እኔም የማሠራውን አላውቅም ነበር፡፡ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረውን ቀለም እኔ በግማሽ ሰዓት አስበላሁት፡፡ ከዚያ ወዲህ ቀለም ቀቢዎችን ጠይቄ፣ አንብቤና በገዛ መኪናዬ ላይ ሞክሬ የተማርኩትን ነው ዛሬ ለአንባቢያን የማካፍለው፡፡

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፡፡ ስለዚህ ብዙዎቻችን የያዝነውን መኪና ገና ለብዙ ዓመት እንነዳለን፡፡ ሞተሩ ቢደክም ይታደሳል፡፡ የፋብሪካ ቀለም ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም፡፡

ፖሊሽ የሚቀባ ሳይሆን የሚፍቅ ነው

ብዙዎቻችን ፖሊሽ ሲባል እንደ ጫማ ቀለም ከላይ ተቀብቶ የሚያበራ ነገር ይመስለናል፡፡ ለጫማ ቀለም የሚቀርበው ሰም (ዋክስ) ነው፤ ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ያበራል፣ ከጊዜ በኋላ ይለቃል፡፡ ፖሊሽ ግን በውስጡ እጅግ የደቀቀ ማዕድን ያለበት፣ ቀለሙን በጥቂቱ የሚፍቅ ነገር ነው፡፡ ‹‹በፈሳሽ መልክ የተሠራ የብርጭቆ ወረቀት›› ቢባል ከእውነት አይርቅም፡፡

የአብዛኞቹ መኪናዎች አካል ከላሜራው ወደ ላይ የሥር ቀለም፣ ዋናው ቀለምና ‹‹ክሊር›› የሚባለው ቀለም አልባ አንጸባራቂ ሽፋን አለው፡፡ የፋብሪካው ቀለም ድምር ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ይሆናል፡፡ ከዚህ ውስጥ የክሊሩ ድርሻ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፡፡ ዋናውን ቀለም ከፀሐይ የሚጠብቀው ይኸው ስስ ሽፋን ነው፡፡ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ለቀለም ጠንካራ ናት፡፡ ስለዚህ ክሊሩን አለአግባብ ማሳሳት ጃንጥላ እንደመቅደድ ይቆጠራል፡፡

‹‹አንድ ዙር›› ማለት ምን ማለት ነው?

ሙሉ ሥራ የሚባለው መጀመሪያ በሻካራ ኮምፓውንድ ጭረቱን መቁረጥ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ፖሊሽ ማጥራት፣ በመጨረሻም ሰም መቀባት ነው፡፡ የአንድ ዙር ሥራ ግን መካከለኛ ጥንካሬ ባለው አንድ ፖሊሽና በአንድ ዓይነት ስፖንጅ መኪናውን አንድ ጊዜ ማዳረስ ነው፡፡ አንዳንዱ ፖሊሽ ሰሙም አብሮት ተቀላቅሎ ይመጣል፡፡

ይህ ሥራ ፀሐይ ላይ ሲታይ የሸረሪት ድር የሚመስለውን ስስ ጭረት በአብዛኛው ያነሳል፤ የደበዘዘ ቀለም ይመልሳል፡፡ ጭረቱን ሁሉ ግን አያጠፋም፡፡ ጥቅሙም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚፍቀው ትንሽ በመሆኑ ለወደፊት የሚተርፍ ክሊር ይኖርዎታል፡፡ በየቀኑ አቧራና ጭቃ ውስጥ ለሚገባ መኪና ከዚህ በላይ መሄድ አስፈላጊ አይመስለኝም፡፡

ፖሊሽ የማያድነው

• ጭረቱ ላይ ጥፍርዎን በቀስታ ያሳልፉ፡፡ ጥፍር ከያዘ ጭረቱ ለአንድ ዙር ፖሊሽ ጥልቅ ነው፤ ይተዉት፡፡
• ክሊሩ እንደ ቆዳ እየተላጠ ነጭ ከሆነ የሚያድነው ቀለም ቀቢ ብቻ ነው፡፡
• ባትላሜራ የሠራውና እንደገና የተቀባ አካል የቀለም ውፍረቱ አይታወቅም፡፡ ከጎኑ ካለው አካል ጋር የቀለም ልዩነት ካዩ ይጠንቀቁ፡፡
• አንዳንድ አሮጌ መኪናዎች ክሊር የላቸውም፡፡ በእነዚህ ላይ ስፖንጁ የመኪናውን ቀለም መያዙ ያለ ነው፡፡ ክሊር ያለው መኪና ላይ ስፖንጁ ቀለም ከያዘ ግን ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ክሊሩ አልቋል ማለት ነው፡፡

አሠራሩ

1. ማጠብ፡፡ መኪናውን ጥላ ውስጥ ያቁሙ፤ ላሜራው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፡፡ ሁለት ባልዲ ያዘጋጁ፤ አንዱ የመኪና ሻምፖ፣ ሌላው ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውኃ፡፡ ከላይ ወደ ታች ይጠቡ፡፡ የልብስ ሳሙና ሰሙን ስለሚያነሳ ለዘወትር እጥበት አይመከርም፡፡

2. መፈተሽ፡፡ እጅዎን ስስ ፌስታል ውስጥ ከተው የታጠበውን ቀለም ይዳስሱ፡፡ ባዶ እጅ ያልተሰማው ሸካራነት በፌስታል ይሰማል፡፡ እሱ ቀለሙ ላይ የተጣበቀ ብናኝ ነው፡፡ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ሊጥ መሰል ማጽጃ አለ፡፡ በሻምፖ ውኃ እያረጠቡ በቀስታ ቢያንሸራትቱት ይለቅማል፡፡ መሬት ከወደቀ ግን ይጣሉት፤ የያዘው አሸዋ ይጭራል፡፡

3. መከለል፡፡ የፕላስቲክ ክፍሎችን፣ ጎማ የያዘውን የመስኮት ዙሪያና የኮፈኑንና የበሮቹን ሹል ጫፎች ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት ፕላስተር ይሸፍኑ፡፡ ጫፍ ላይ ቀለሙ ስስ ነው፤ ማሽኑም የሚበረታው እዚያ ላይ ነው፡፡ የእኔም የተበላው ጫፉ ነው፡፡

4. ማሽኑን መምረጥ፡፡ ግራይንደር በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ስለሚሽከረከር ቀለም ያቃጥላል፤ ለብረት እንጂ ለቀለም አልተሠራም፡፡ ለጀማሪ የሚሆነው እየተሽከረከረ ወዲያና ወዲህም የሚወዛወዘው ‹‹ዱዋል አክሽን›› የሚባለው ፖሊሸር ነው፡፡ ሲጫኑት መሽከርከሩን ስለሚቀንስ ስሕተትን ይታገሣል፡፡ ማሽን ከሌለ በእጅም ይቻላል፤ ይደክማል፣ ውጤቱም ያንሳል፣ ነገር ግን ቀለም በልቶ ለመጨረስ አስቸጋሪ ነው፡፡

5. መሞከር፡፡ ጎንና ጎኑ ግማሽ ሜትር የሚሆን ቦታ ላይ ብቻ ይጀምሩ፡፡ ስፖንጁ ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያካክል ፖሊሽ ሦስት ወይም አራት ቦታ ያስቀምጡ፡፡ በዝቅተኛ ፍጥነት ያዳርሱት፡፡ ከዚያ ፍጥነቱን ከፍ አድርገው፣ ሳይጫኑ፣ እጅዎ በሰከንድ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ እየተጓዘ፣ አንዴ አግድም አንዴ ቁልቁል ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይመላለሱ፡፡ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጠርገው በስልክዎ መብራት ይዩት፡፡ ውጤቱ ካስደሰተዎ መኪናውን ሁሉ በዚያው መንገድ ይሥሩ፡፡ ካላስደሰተዎ ከመጫን ይልቅ ስፖንጁን ወይም ፖሊሹን ይለውጡ፡፡

6. ስፖንጁን ማጽዳት፡፡ እያንዳንዱን ቦታ ሲጨርሱ ስፖንጁን በብሩሽ ያራግፉ፡፡ የተፋቀው ቀለም ከተጠራቀመበት መልሶ ይጭራል፡፡ ላሜራው በእጅ ሲነካ ከጋለም ያቁሙና ይቀዝቅዝ፡፡

7. መከላከያ መቀባት፡፡ ፖሊሹ ሰም ከሌለው ሥራው አላለቀም፡፡ በስሱ ሰም ይቀቡና ያድርቁት፡፡

ከፖሊሹ በኋላ

ጭረቱን የሚያመጣው በአብዛኛው እኛው ነን፡፡ ጠዋት ጠዋት ዘበኛው ወይም የሠፈር ልጅ በአንድ ጆግ ውኃና በአንድ ቁራጭ ጨርቅ አቧራውን ከጣሪያ እስከ ጎማ ሲጠርገው አሸዋውን ቀለሙ ላይ እየፈጨው ነው፡፡ ጨርቁ እርጥብ መሆኑ አያድንም፡፡ አቧራውን መጀመሪያ በብዙ ውኃ ማውረድ፣ ውኃ ከሌለም እስኪገኝ መተው ይሻላል፡፡ ይህን ካላስተካከልን የፖሊሹ ውጤት ጥቂት ወራት እንኳ አይቆይም፡፡ በየወሩ ፖሊሽ ማስደረግም ክሊሩን መጨረስ ነው፤ ሰም ግን ሲለቅ እየደገሙ ቢቀቡት ጉዳት የለውም፡፡

ሥራውን ለሌላ ሰው የሚሰጡ ከሆነ ቁልፉን ከማስረከብዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፡- በምን ማሽን ነው የምትሠራው? ጫፎቹን ትሸፍናለህ? መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ታሳየኛለህ? ለሦስቱም ጥሩ መልስ ከሌለው አመስግነው ይመለሱ፡፡ እኔ አንዱንም አልጠየቅሁም ነበር፡፡

ኮሮላዋን በኋላ እኔው ራሴ አንድ እሑድ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ፈጅቼ በአንድ ዙር ሠራኋት፡፡ አባቴ ከግቢው በር ጋር ያጋጨው የቀኝ በር ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለ፤ አልነካሁትም፡፡ የኮፈኑ ምልክትም እዚያው አለች፡፡ እሷን ፖሊሽ አያድናትም፤ ቀለም ቀቢ ትፈልጋለች፡፡ እስካሁን አልወሰድኳትም፤ ማሽኑን ባነሣሁ ቁጥር እጄን ቀለል እንዳደርግ ታስታውሰኛለች፡፡

ቸር ይግጠመን!