ከራራ ዳር የተነሱት መንደሮች

የኔፓል ትልቁ ሐይቅ ራራ በአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,990 ሜትር ከፍታ ላይ ተንጣሎ ይገኛል። ጥልቀቱ 167 ሜትር ይደርሳል። ንጉሥ ማሄንድራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ጎብኝተውት በውበቱ ስለተማረኩ ግጥም ጽፈውለታል። ሐይቁም ለተወሰነ ጊዜ በስማቸው ተጠርቷል።

ንጉሡ ሲመጡ ግን ዳርቻው ባዶ አልነበረም። ራራና ቻፕሩ የሚባሉ ሁለት መንደሮች ተዳፋቱን በእርከን ከፋፍለው ያርሱ፣ ከብት ያረቡ ነበር። ሐይቁ የሚገኝበት የሙጉ ወረዳ ተራሮች የጥንት የጨው መንገድም ነበሩ። ነጋዴው ከቲቤት የሚመጣውን ጨው በበግና በፍየል ጀርባ ጭኖ ወደ ደቡብ እየወረደ በእህል ይለውጥ ነበር። የአፋር ጨው በግመል ተጭኖ ማየት ለለመደ ሰው፣ የኮርቻ ከረጢት የተሸከመ በግ ሳያስገርም አይቀርም።

በ1976 ሐይቁና ዙሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ስፋቱ 106 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በኔፓል ትንሹ። በዚያ ዘመን የጥበቃ ባለሙያዎች ዘንድ ግን ፓርክ ማለት ሰው የማይኖርበት፣ በወታደር የሚጠበቅ መሬት ነበር። ስለዚህ የራራና የቻፕሩ ነዋሪዎች ተነስተው በቴራይ ሜዳ፣ ባርዲያ ወረዳ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ከውርጭ አገር ከ2,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደው ሙቀትና ወባ ወዳለበት ቆላ ገቡ። ደገኛ ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚገጥመው ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ጎብኚ ዛሬ በሐይቁ ዳር «ያልተነካ ተፈጥሮ» እያለ ፎቶ ከሚያነሳው ሣር ከፊሉ የእነዚያ ሰዎች እርሻ ነበር።

ባርዲያም ራሷ ከዚህ ዕጣ አላመለጠችም። በ1984 የባባይ ሸለቆ በወረዳው ወዳለው ጥብቅ የዱር እንስሳት ክልል ሲጠቃለል፣ 1,500 ያህል ሰዎች ከሸለቆው ወጥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ።

የኔፓል መንግሥት በ1993 ሕጉን አሻሽሎ፣ ከፓርኮች ገቢ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው በዙሪያቸው በሚከለል ቀጠና ለሚኖረው ሕዝብ ልማት እንዲውል ፈቀደ። በራራ ዙሪያም እንዲህ ያለው ቀጠና በ2006 ተከለለ። ገንዘቡ የሚደርሰው እንግዲህ እንደ ሙርማ ላሉ፣ እዚያው ለቀሩ መንደሮች ነው፤ ባርዲያ የወረዱት ከቀጠናው ውጭ ናቸው።