የተጣለ የባሕር እንስሳት ቅርፊት ለተበከለ ውኃ ማጣሪያነት

ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ሎብስተር ባሕር በሚያዋስናቸው ሀገራት የሚዘወተሩ ምግቦች ናቸው። ሥጋቸው ተበልቶ የሚቀረው ቅርፊት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ይገመታል። አብዛኛው ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል፤ አለያም ተመልሶ ባሕር ውስጥ ይደፋል። ይሁንና ይኸው ቅርፊት ውኃን ለማጣራት የሚያገለግል ንጥረ ነገር በውስጡ ይዟል።

ንጥረ ነገሩ ካይቲን ይባላል። በነፍሳት ቅርፊትና በእንጉዳይ ውስጥም ይገኛል፤ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሄንሪ ብራኮኖ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1811 ለመጀመሪያ ጊዜ የለየውም ከእንጉዳይ ነበር። ቅርፊቱ ታጥቦ ከተፈጨ በኋላ የኖራ ድንጋይ ዓይነት ይዘቱ በአሲድ፣ ፕሮቲኑ ደግሞ በሶዳ ይወገዳል። የቀረው ካይቲን በጠንካራ ትኩስ ሶዳ ሲቀቀል እንደ ኮምጣጤ ባለ ደካማ አሲድ ወደሚሟሟ ካይቶሳን ይለወጣል።

የደፈረሰ ውኃ አድሮም የማይጠራው በውስጡ ያሉት ደቃቅ የሸክላ አፈር ቅንጣቶችና አልጌዎች ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸውና እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው። ካይቶሳን በአንጻሩ ፖዘቲቭ ሙል አለው። በመሆኑም ቅንጣቶቹን አያይዞ ያከብዳቸዋል፤ እነሱም ይዘቅጣሉ። የተወቀጠ የሽፈራው ፍሬም ድፍርስ ውኃን የሚያጠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ካይቶሳን ከዚህ በተጨማሪ በውኃ የሟሙ እንደ እርሳስና መዳብ ያሉ ብረቶችን ይዞ ያስቀራል።

ሁሉም ቅርፊት ግን ይህን ያህል ድካም አይጠይቅም። በኒውዚላንድ በሚገኘው የስቶክተን የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫ፣ ዝናብ ከተቆፈረው ዓለት ጋር ሲገናኝ ብረትና አልሙኒየም የተሸከመ አሲዳማ ውኃ ይፈጠራል። በዚያ ስፍራ ከምግብ ማቀነባበሪያዎች የተረፈ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል በገንዳ ተከምሮ ውኃው በመካከሉ እንዲያልፍ ተደርጓል። የዛጎሉ ካልሲየም ካርቦኔት አሲዱን ሲያበርደው ብረቶቹ ከውኃው ተለይተው ይቀራሉ።

የጠራ ውኃ ሁሉ ግን ለመጠጥ የተዘጋጀ አይደለም። ካይቶሳን ጀርሞችን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ጨርሶ አያጠፋም፤ ስለዚህ ውኃው መፍላት ወይም በክሎሪን መታከም አለበት። ከውኃው የወጣው ብረትም አይጠፋም፤ በዝቃጩ ውስጥ ይከማቻል። ዝቃጩ ወንዝ ዳር ከተደፋ ብክለቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተወገደም። ካይቶሳንን ለማምረት የሚፈሰው ሶዳና ውኃም ቀላል አይደለም፤ ዋጋውን የሚያስወድደውም ይኸው ነው።

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሚታየው የፍሎራይድ ችግር ደግሞ ሌላ መፍትሔ ይሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በአካባቢው ያሉ በርካታ የከርሰ ምድር ውኃዎች ከዚህ ያልፋሉ። ካይቶሳን ብቻውን ፍሎራይድን በመያዝ ረገድ ደካማ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ሌላ ተረፈ ምርት፣ አየር በተመጠነበት እሳት የከሰለ የከብት አጥንት ነው። የአጥንቱ የፎስፌት ማዕድን ፍሎራይዱን ይይዛል፤ መያዝ የሚችለውን ያህል ከያዘ በኋላ ግን በአዲስ መተካት ወይም ታድሶ መመለስ ይኖርበታል።